ያልጎደለው ጠርሙስ

[የነርሶች ልብስ መቀየሪያ ክፍል። አብረው የተመረቁ ሁለት ነርሶች ሥልጠና ሊገቡ ነው። እሱን ባልደረቦቹ «ሊቁ» ይሉታል፣ እሷን «ኤሊ»። ሊቁ የቅባት ጠርሙስ ወደ መብራቱ አንስቶ ያያል።]

ሊቁ፦ ጠብታ አልጎደለም! ወደ ሌላ ክፍል ስዛወር እዚህ የተኛችውን እናቴን ጀርባዋን እንድታሺበት በአደራ ሰጠሁሽ፣ አንቺ ሰስተሽ አስቀመጥሽው?

ኤሊ፦ ኧረ አልሰሰትኩም።

ሊቁ፦ ታዲያ በምን አሸሻት? በምራቅ?

ኤሊ፦ እሱን ልነግርህ ነበር...

ሊቁ፦ ገባኝ፣ ገባኝ! ከራስሽ ቅባት አውጥተሽ ነዋ። አይ አንቺ፣ ደግነትሽ ይገድልሻል።

ኤሊ፦ ሊቄ፣ አንዴ አስጨርሰኝ።

ሊቁ፦ እኔን አስጨርሺኝ! ጠዋት ሄጄ አየኋት። ያ ዳሌዋ ላይ የቀላው ቦታ ጠፍቷል። ቁስል ሆኖ ይከፈታል ብዬ እንቅልፍ አጥቼ ሰንብቻለሁ። ለምን የጠፋ ይመስልሻል?

ኤሊ፦ ለምን?

ሊቁ፦ በእሽት! ዛሬ ያቺ አሠልጣኝ «የምትሠሩትን ለምን እንደምትሠሩት ማስረጃ አምጡ» ስትል፣ እናቴን ነው የማቀርብላት። ማሸትን ያስተማሩን እኮ ዋናዋ ነርስ ናቸው። እጃቸው ትዝ ይልሻል?

ኤሊ፦ ሳሙና ሳሙና የሚሸት። አሁን እንኳ አንዳንዴ ኮሪደሩ ላይ የሚያልፉ ይመስለኛል።

ሊቁ፦ «ለምን?» ብለን ጠይቀናቸው እናውቃለን?

ኤሊ፦ አንዴ ጠይቄ መስኮት ስወለውል ዋልኩ።

ሊቁ፦ ትምህርት ማለት ያ ነበር! እነዚህ ግን ገለበጡት። ስለ አልጋ ቁስል ያለውን ትምህርት በቪዲዮ ቤታችሁ አይታችሁ ኑ፣ ክፍል ውስጥ አሻንጉሊት እያገላበጥን እንለማመዳለን ይሉናል። ቤቴ ከተማርኩ አሠልጣኟ ለምኔ ናት?

ኤሊ፦ እኔን ተስማምቶኛል። በእኛ ጊዜ መምህርን «ቆይ፣ አልገባኝም፣ ወደ ኋላ ተመለስ» ማለት የት ነበር? አራቴ አየሁት።

ሊቁ፦ አራቴ! ኤሊ መባልም ሲያንስሽ ነው።

ኤሊ፦ አንተስ አየኸው?

ሊቁ፦ ስልኬ ላይ «ተጠናቋል» ይላል።

ኤሊ፦ ስልክህን አልጠየቅኩም።

ሊቁ፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ሰኞ ዕለት እናቴ አልጋ አጠገብ ከፍቼ ተውኩትና ጢሜን ልላጭ ሄድኩ። ስመለስ አልቋል። ማን ያውቃል?

ኤሊ፦ እናትህ።

ሊቁ፦ እናቴ ምን?

ኤሊ፦ እናትህ ያውቃሉ። ከዳር እስከ ዳር አይተውታል። በማግስቱ ቅባቱን ይዤ «እማማ፣ ዞር ይበሉልኝ ላሽዎት» ስላቸው እጄን ያዙት። «የቀላ ቦታ አይታሽም፤ ከውስጥ ይብስበታል» አሉኝ።

ሊቁ፦ [ጠርሙሱን እንደያዘ ይቀመጣል] እና አላሸሻትም?

ኤሊ፦ ለዛሬ ይቅር አልኳቸውና ቤቴ ገብቼ የቪዲዮውን ያቺን ቦታ ደጋግሜ አየሁ። እውነታቸውን ነው። ከዚያ ወዲህ ጎን እየቀያየርን በትራስ ከመደገፍ በቀር ሌላ ነገር አላደረግንም።

ሊቁ፦ ታዲያ የእኔ ማስረጃ?

ኤሊ፦ ማስረጃማ ነው። የሚመሰክረው ግን ባንተ ላይ ነው።

ሊቁ፦ እስካሁን ለምን ዝም አልሽ?

ኤሊ፦ እሳቸው አሳዝነውኝ። «ሲያሸኝ ያመኝ ነበር፤ ደስ ይበለው ብዬ ቻልኩት። ልጄ ተሳሳትኩ ማለት ካፉ አይወጣለትም። ይኸው ገብቶት፣ መናገሩን ቢያፍር በስልክ ትቶልኝ ሄደ» አሉኝ። በአንተ እንዲያ ኮርተው እኔ ኩራታቸውን ላፍርሰው?

[ሊቁ የጠርሙሱን ክዳን ይከፍታል፣ መልሶ ይዘጋል።]

ሊቁ፦ ያማት ነበር?

ኤሊ፦ ያማቸው ነበር።

የአሠልጣኟ ድምፅ፦ [ከኮሪደር] ቪዲዮውን ያላየ ሰው እንዳይገባ! በር ላይ እጠይቃለሁ!

ሊቁ፦ [ብድግ ብሎ] በይ ቶሎ ንገሪኝ፣ ምን ብሎ ነው የሚጀምረው?

ኤሊ፦ እኔ ቀስ ብዬ ነው የምናገረው፣ አልደርስልህም። እናትህ ጋ ሂድ።

ሊቁ፦ ሄጄ ምን እላታለሁ? እኔ ያስተማርኳት እየመሰላት?

ኤሊ፦ «በደንብ ይዘሽው እንደሆነ ልፈትንሽ» በላቸው። ሁሉንም ይነግሩሃል።

ሊቁ፦ [ፊቱ በርቶ] አንቺ! ለካ አንዳንዴ ጭንቅላትሽ ይሠራል!

[ይሮጣል። ኤሊ ጋውኗን ቀስ ብላ ትቆልፋለች። የመጨረሻውን ቁልፍ ሳትጨርስ ሊቁ በበሩ አንገቱን ያስገባል፤ ስልኩ እጁ ላይ የለም።]

ኤሊ፦ እህ? አለፉ?

ሊቁ፦ እሷማ አንድ ነገር አልሳተችም። ከዚያ «አሁን ተራው የኔ ነው» ብላ እኔን ጠየቀችኝ።

ኤሊ፦ መለስክ?

ሊቁ፦ ስልኬን ቀማችኝና ቪዲዮውን ከመጀመሪያው ከፈተችው። ለአሠልጣኟ አልመጣም በያት።

ኤሊ፦ ምነው፣ ምን አሉህ?

ሊቁ፦ «ዛሬ ጢምህን ተላጭተሃል፤ አርፈህ ቁጭ በልና እይ» አለችኝ።