ማይኩን ከሼሁ እጅ የቀማሁ ዕለት

ወገን! ዛሬ ከሚሴ ላይ የሠራሁትን ጉድ ስትሰሙ ብሎክ ታደርጉኛላችሁ። ግድ የለም፣ መጀመሪያ ግን አንብቡልኝ!

እንደምታውቁት ሱቄ አሮጌው ገበያ ውስጥ ነው። ሽርጥ፣ ሻሽ፣ የልጆች ልብስ። ሰው ሁሉ ወደ አስፓልቱ ዳር ከሄደ ወዲህ በደጃፌ የሚያልፈው ፍየል ብቻ ነው። ፍየል ደግሞ ሻሽ አይገዛም!

ስለዚህ ባለሱቆቹ ተሰብስበን «በኢድ ማግስት መሃል ከተማው ላይ በዓል እናዘጋጅ» ተባባልን። ሰው አንዴ ከመጣ እግሩ ይለምዳል። ካልመጣ ሱቄን ዘግቼ ኮምቦልቻ እህቴ ዘንድ መግባቴ ነው። ይህን አስቤ ስንት ቀን እንዳለቀስኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ወር ሙሉ ለፋሁ። ባነር፣ ድንኳን፣ ስፒከር፣ መንዙማ የሚሉ ልጆች። ሕፃናት የሚጋልቡት ግመል ከባቲ ድረስ አስመጣሁ።

ግመል እኮ ነው የምላችሁ!

ሰውም መጣ። አልሐምዱሊላህ፣ ከጨፋ ሮቢት ሳይቀር መጣ። አሮጌው ገበያ መቆሚያ ጠፋ። እኔ የመድረክ መሪዋ በደስታ ማይኩን ይዤ ወጣሁ።

ፕሮግራሙ የሚከፈተው በዱዓ ነው። ወሎ ውስጥ ያለ ዱዓ ምን ይከፈታል? እኔ ብልጧ ግን ወረቀቱ ላይ «ዱዓ፦ አምስት ደቂቃ» ብዬ ጽፌያለሁ። አምስት! አዎ፣ ሳቁ።

የሰፈራችን ትልቅ ሰው ሼህ ኡመር ቀስ ብለው ጀመሩ። ለዝናቡ፣ አሚን። ለከብቱ፣ አሚን። ለመንገደኛው፣ ለነፍሰ ጡሯ፣ ለጨፋው ማሽላ፣ አሚን፣ አሚን። ሰው ሁሉ እጁን ዘርግቷል።

ሃያ ደቂቃ ሞላ። ይሄኔ ከከተማው አስተዳደር የጠራነው የክብር እንግዳ ከች አሉ። ሁለት ሰዓት ጠብቀን፣ ሲቀሩብን ነው ዱዓውን የጀመርነው! ጭራሽ ሰዓታቸውን እያሳዩኝ «ስብሰባ አለብኝ፣ ቶሎ በይ እንጂ!» አሉኝ።

እኔ ሞኟም ቶሎ አልኩ።

ሄጄ ማይኩን ከሼሁ እጅ ወሰድኩት። ዱዓው ሳያልቅ! «እናመሰግናለን አባታችን፣ አሁን የክብር እንግዳችንን በሞቀ ጭብጨባ...»

አንድም ሰው አላጨበጨበም። እጁን ለዱዓ የዘረጋ ሰው በምኑ ያጨብጭብ?

ሼሁ አልተቆጡም። «ኦብሲ፣ ኢንተላ ቲያ» አሉኝ፤ በኦሮምኛ ታገሺ ልጄ ማለታቸው ነው። «ዱዓ መሃል ላይ አይቆረጥም። እናንተ ሥራችሁን ሥሩ፣ እኛ ማዶ ሄደን እንጨርሰዋለን።» ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሱ፣ እየሄዱም ዱዓቸውን ቀጠሉ።

ሰዉ ግልብጥ ብሎ ተከተላቸው። አሚን እያለ!

ግመሉ ሳይቀር!

የት ቢሄዱ ጥሩ ነው? አስፓልቱ ዳር! እዚያ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጡ። የአስፓልቱ ባለሱቆች ውሃና ቴምር ይዘው ወጡ፣ ገበያውም እዚያው ደራ። የእኔ በዓል እኮ ነው!

አሮጌው ገበያ የቀረነው እኔ፣ ዲጄው እና የክብር እንግዳው ነን። ሰውዬው ደግሞ አያፍሩም፣ ንግግራቸውን አወጡ። «ውድ የከተማችን ነዋሪዎች» አሉ፣ ለፕላስቲክ ወንበሮቹ። እስከ መጨረሻው አንብበው መኪናቸው ውስጥ ገቡ።

ደሜ ፈላ። በእንግዳው ተናደድኩ። በሰዉ ተናደድኩ፤ አንድ እንኳ «ልጅቷ ለፍታለች» የሚል ይጥፋ? በሼሁም ተናደድኩ፤ ትንሽ ቢያሳጥሩት ምን ነበረበት? ከሁሉ ይልቅ ግን በራሴ። እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ አድጌ፣ ዱዓ እንደማይቋረጥ ሕፃን የሚያውቀውን እኔ ልሳተው?

እንደ ጦፍኩ ወደ አስፓልቱ ገሰገስኩ። ሁሉንም ልናገራቸው፣ ሰዉንም ልመልስ። ደርሼ ከኋላ ቆምኩ። ሼሁ ገና አልጨረሱም።

«ያ ረቢ» አሉ፣ «ይህን ሁሉ ሰው የሰበሰበችውን ልጅ ደጃፏን ሙላላት። በሯን አትዝጋባት፣ ከአገሯም አታውጣት። አሚን በሉ!»

ድፍን ከሚሴ «አሚን!» አለ።

ለካስ ማይኩን የነጠቅኳቸው የእኔ ተራ ሊደርስ ሲል ነው!

ምነው በረገሙኝ። ያን ሁሉ ቁጣ ተሸክሜ ሄጄ፣ የማራግፍበት ሰው አጣሁ። አንገቴን ደፍቼ ከግመሉ ኋላ ተደበቅኩ።

እስቲ ፍረዱኝ፦ ዱዓ ያቋረጠች ሴት፣ ለራሷ ሲደረግላት ጮክ ብላ «አሚን» ትላለች ወይስ በሆዷ?