እትዬ ሚዛንና ሦስቱ ከሲታዎች

በየትኛውም ሕንፃ ሰውን በዓይኗ የምትመዝን አንዲት ሴት አትጠፋም። ሱሪው አልዘጋ ያለው ሰው እንኳ ፊቷ ሲቆም «ምነው እንዲህ ከሳህ?» ይባላል። የእኛዋ መዛኝ፣ ክብርት እትዬ ሚዛን፣ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው። አርባ ዓመት ሕፃን ሲመዝኑ ኖረው ጡረታ ሲወጡ ሚዛኑ ሆስፒታል ቀረ፤ ዓይናቸው ግን አብሯቸው መጣ።

ፖስተኛው ከስቷል። ከውፍረቱ የተነሣ በበሩ በጎኑ የሚያልፈው ዘበኛችንም ከስቷል። ሊፍት ሊጠግን የመጣውን ሰው «እናት የለህም እንዴ?» ብለው አስለቀሱት፤ ለካ እውነትም የለውም።

እኔ ከእሳቸው በላይ ያለው ፎቅ ላይ ብቻዬን የምኖር የመጻሕፍት አራሚ ነኝ። ሳምንቱን ሙሉ ከሰው አፍ የሰማሁት ቃል «ከሳህ» ብቻ የሆነበት ጊዜ አለ። አላማርርም። ከሳ የሚባል ሰው መቼም የታየ ሰው ነው።

አንድ ቀን እትዬ ሚዛን ምድር ቤት ያለውን የቤት እንስሳት ሻጭ፣ የጫማ ካርቶን ይዞ ሲወጣ ሕንፃው በር ላይ አገኙት። ውስጡ ሦስት የጊኒ ፒግ ግልገሎች ነበሩ፤ ጭራ የሌላቸው የአይጥ ዘመዶች። እናታቸው ስትወልድ ሞታለች።

«አይተርፉም እትዬ፤ በጣም ከስተዋል» አላቸው።

በዚህ ሕንፃ «ከስተዋል» ብሎ የሚፈርደው ማን ሆነና! ካርቶኑን ነጥቀውት ገቡ። ጉልበታቸው ደረጃ አይወድላቸውም፤ ስለዚህ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያቸውን፣ ማለትም የእኔን ወለል፣ ደበደቡ። ወረድኩ።

«እጄ ይንቀጠቀጣል። አንተ ትይዛለህ፣ እኔ አዝሃለሁ።»

ከዚያ ወዲያ ከንጋት እስከ ምሽት በየሁለት ሰዓቱ እወርድ ጀመር። ለብ ያለ ወተት፣ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ፣ ጠብታ በጠብታ።

«በጀርባው አታስተኛው! ወተቱ ሳንባው ሊገባ ነው እኮ! በሆዱ!»

ከዚያ ግልገሎቹ የወጥ ቤት ሚዛን ላይ ይወጣሉ፤ ሃምሳ ሁለት ግራም፣ አርባ ዘጠኝ፣ አርባ አንድ። ሁሉም ደብተር ላይ ይሰፍራል። እግረ መንገዱን ለእኔም ሾርባ ይቀርባል።

በአራተኛው ቀን ትንሹ መጥባት ተወ። መዳፌ ላይ እንዳለ ቀዘቀዘ። እትዬ ሚዛን ተቀብለውኝ መዘኑት፣ «ሠላሳ ስምንት» ብለው ጻፉና ደብተሩን ዘጉ። ከዚያ ሁለት ቀን ሙሉ ማንኪያ አላነሱም።

«እትዬ፣ ከስተዋል እኮ» አልኳቸው።

«ልጄ እንኳ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም» አሉ። ልጃቸው እዚሁ ከተማ፣ ወዲያ ማዶ ይኖራል፤ በደወሉለት ቁጥር ስብሰባ ላይ ነው። ቀስ ብለው ሾርባቸውን ጨረሱ።

ሁለቱ ግን ወፈሩ፤ ሣር መቆርጠምም ጀመሩ። በሦስተኛው ሳምንት «በጊዜው ጡት ያላስጣለች እናት ልጇን ትጎዳለች» ብለው ወተቱን እንድንቀንስ አዘዙ። አራሚ ነኝና የደብተሩ ክብደት ከቀነስነው ወተት ጋር አልገጥም ሲለኝ ጊዜ ነገሩ ገባኝ፤ እኔ ስወጣ ተደብቀው ያጠቧቸዋል። ቁጥሩን አላረምኩም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ግን ሲሪንጁን ሞልተው ሲያቀርቡ ትልቁ በአፍንጫው ገፋ አድርጎ ወደ ሣሩ ዞረ። ወንድሙም ተከተለው።

«ጎሽ!» አሉ እትዬ ሚዛን። ድምፃቸው ግን ጎሽ አይልም ነበር።

በሳምንቱ አንዲት መምህርት ለተማሪዎቿ ብላ ሁለቱንም ወሰደቻቸው።

በማግስቱ ከቀኑ አሥር ሰዓት፣ በድሮው የወተት ሰዓት፣ እርማቴን ጥዬ ተነሣሁ። እታች የሚጠብቀኝ ሥራ አልነበረም፤ ቢሆንም መውረድ ጀመርኩ። ደረጃው መሀል ላይ እትዬ ሚዛን ግድግዳ ይዘው እያለከለኩ ሲወጡ አገኘኋቸው።

«ወዴት ነህ?»

«ወደ ታች። እርስዎስ?»

«ወደ ላይ።»

«ወይ ጉልበቴ!» ብለው እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አሉና አጠገባቸው ያለውን አቧራ በመዳፋቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉልኝ። ተቀመጥኩ። የደረጃው መብራት እስኪበራ አልተነሣንም።