አርባ ሰው ያየው ጅብ

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ያለው ሰው አንኮበርን አያውቃትም። እኛ ዘንድ ንጋት እያደር ጉም ይለብሳል፤ እስከ ቀትር የጎረቤታችሁን አጥር አታዩም። እውነትማ ከዚያም ይብሳል። እውነት፣ ያየ ሰው ሁሉ የሚያገኘው ነገር ይመስላችኋል? እኔም ይመስለኝ ነበር።

ጣሊያን ከመንደራችን በላይ በሰፈረበት ዘመን የጣሊያኑ ሹም በቅሎ ጠፋች። ሣር የሚያጭድላት አባቴ ነበርና ሹሙ በአስተርጓሚው በኩል፣ «እስከ ነገ የበላት ካልታወቀ አጫጁን ደብረ ብርሃን ወስጄ እሰቅለዋለሁ» አለ። ሽማግሌዎቹ እንደ አገሩ ልማድ አውጫጭኝ ጠሩ። መንደሩ በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ነገሩ ሳይወጣ ማንም ቤቱ አይገባም። እያንዳንዱ ሰው መስቀል ተሳልሞ ይምልና ከወይራው ጀርባ ያየውን ለሽማግሌ በጆሮው ይነግራል። ተናጋሪው አይገለጽም፤ «ወፍ ነገረችን» ይባላል።

እኔ አይቻለሁ። ጎህ ሲቀድ ውኃ ልቀዳ ስወርድ፣ በቅሎዋን ወደ ቆላ፣ ወደ አርበኞቹ ሲነዱ ያየኋቸው የደብራችን ቄስ አባ ገብሬ ናቸው። በዚያ ሜዳ መስቀል ይዘው የሚያስምሉንስ ማን መሰሏችሁ? እሳቸው ናቸዋ!

ስሜን ሲጠይቁኝ እንኳ ነጠላዬን የምነክስ ዓይነ አፋር ነኝ። ዝም ብል የሚሰቀለው አባቴ፤ ብናገር የንስሐ አባቴ።

እስከ ቀትር ማንም ምንም አላየም። ከቀትር በኋላ ራብ ጠናና እውነት መንቀሳቀስ ጀመረች። እትዬ አስካለ ከወይራው ጀርባ ሲመለሱ ምስጢሩ አላስቀምጥ ብሏቸው፣ «ጅብ ነው! በዓይኔ በብረቱ!» አሉ። ከዚያ ወዲያ የተሰለፈው ሁሉ ጅብ ያየ ሆነ። መጀመሪያ ውሻ ያክል የነበረው፣ እኔ ዘንድ ሲደርስ ጥጃ አክሏል።

ተራዬ ደረሰ። ለሽማግሌው ለአያ ደምሴ ጆሮ፣ «አባ ገብሬ ናቸው፤ አይቻለሁ» አልኩ።

«ጉም ነበር?»

«ነበር።»

«በጉም ውስጥ ቄስ ከጅብ በምን ይለያል?»

ነጠላዬን ነከስኩ።

«አርባ ሰው ጅብ ብሏል። አንቺ ልጅ፣ አርባ ሰው ልታሳብዪ ነው? አባትሽንስ አትፈልጊውም?»

«እፈልጋለሁ፣ አባባ።»

«እንግዲያ ምን አየሽ?»

«ጅብ።»

«እንዴት ያለ?»

«…የሚያነክስ።»

«ጎሽ! ይኸ ነበር የጎደለን!»

ሽማግሌዎቹ ገደል ሥር የከረመ የአህያ አጥንት አስለቅመው ለሹሙ አቀረቡ። ሹሙ አጥንቱን አገላብጦ አየ፤ ስለ ጅቡ ማንከስ ሲነገረው ራሱን ነቀነቀና ጻፈ። ውሸት ቢሆን ማን ስለ እግሩ ይጨነቃል? አባቴ ያን ማታ ቤቱ አደረ።

እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። መስቀል ተሳልሜ ዋሽቻለሁና ንስሐ ልገባ ሄድኩ፤ ወደ ማን ቢሉ፣ ወደ አባ ገብሬ።

«ምን ብለሽ ዋሸሽ፣ ልጄ?»

«ጅብ አየሁ ብዬ፣ አባ።»

«የሚያነክሰውን?»

«አዎን።»

ግራ ቀኝ አዩና መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አሳረፉ። «ሂጂ፣ አልዋሸሽም» አሉኝ። «እሱንስ እኔም አይቼዋለሁ።»