ወደ ቀኝ ስትታጠፍ

መኪና ያለው ሰው ጆሮው ይለወጣል። ልጁ ሲያለቅስ ያልሰማው አባት፣ ደጅ የቆመችው መኪናው «ሲጥ» ያለች ከመሰለው ጉርሻውን ጥሎ ይወጣል። እኔም ዕድሜ ልኬን እንጀራ የበላሁት በጆሮዬ ነውና አልፈርድበትም። ብቻ ሁሉም «ይህን ድምፅ አጥፋልኝ» ይለኛል እንጂ ድምፁ ለማን ምን እንደሚሠራ የጠየቀኝ የለም። አንዱን ራስ የሚያሳምም ድምፅ ሌላውን በሕይወት ሊያቆይ እንደሚችል የተማርኩት በጠላት ዘመን፣ እዚሁ ልደታ ነው።

ያኔ የጣሊያኖች ጋራዥ ውስጥ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። አትፍረዱብኝ፤ ሆድ ባንዲራ አይለይም። ቤቴ ከልደታ ማርያም ዝቅ ብሎ ነው። ሰፈራችንን የሚፈትሽ አንድ መቶ አለቃ ነበር፤ አርበኛ ደብቃችኋል፣ ጠመንጃ ቀብራችኋል እያለ ባሰኘው ሰዓት ወታደሮቹን ጭኖ ይመጣል። ታዲያ የዚህ ሰውዬ መኪና ከዋናው መንገድ ወደ እኛ ሰፈር፣ ወደ ቀኝ ስትታጠፍ፣ አሸዋ እንደገባበት ወፍጮ «ግርርር» ትላለች። ያ ድምፅ ከተሰማ በኋላ መኪናዋ ቁልቁለቱን ወርዳ እስክትደርስ ሰፈሩ ሥራውን ይሠራል። ጠመንጃ ያለው ጠመንጃውን፣ እንግዳ ያለው እንግዳውን ይሰውራል። ምንም የሚደብቀው የሌለው ሰው እንኳ ዝም ብሎ መቆሙ ስለሚያሳፍረው አንድ ነገር አንጠልጥሎ ወደ ጓሮ ይሮጣል።

መቶ አለቃው ድምፁ ክብሩን ነካበት መሰለኝ፣ አንድ ቀን መኪናዋን እኛ ዘንድ አመጣት። ዋናው መካኒክ፣ ጠና ያለ ዝምተኛ ጣሊያናዊ፣ ነድቼ እንድሰማት አዘዘኝ። ቀጥ ብላ ስትሄድ ዝም። ወደ ግራ ስትታጠፍ ዝም። ወደ ቀኝ ስትታጠፍ ግርርር። መኪና ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ክብደቱ የሚያርፈው በግራው ጎማ ላይ ነው። ስለዚህ ያለቀው የግራው የፊት ጎማ ኩሽኔታ፣ ማለትም ጎማው የሚሽከረከርበት፣ ውስጡ ብረት ኳሶች ያሉበት ቀለበት ነበር። ገባኝ። ገብቶኝም ተመለስኩና «ፍሬኑ ነው» አልኩ። ፍሬኑን ስፈታ፣ ስጠርግ፣ መልሼ ስገጥም ዋልኩ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው።

ሲመሽ እትዬ ዘነበች ቤቴ መጡ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ጥጥ ፈትለው የሚተዳደሩ ጎረቤቴ ናቸው። ልጃቸው ተፈራ ከአርበኞች ጋር ዱር ውሎ፣ እግሩን ቆስሎ ሲመለስ ደግፈን ጓዳ ያስተኛነው እኔና እሳቸው ነን። ያቺ መኪና ስትጮኽ በጓሮ አጥር ሾልኮ፣ እያነከሰ ወደ ወንዙ ይወርዳል።

«መኪናዋ እናንተ ጋ ገባች አሉ» አሉኝ።

«ገብታለች፣ እትዬ።»

«ልትድን ነው?»

ባልጠግናት ሆን ብሎ አበላሸ እባላለሁ፤ በዚሁ ተጠርጥሮ ከጋራዣችን የተወሰደ አንድ ሰው የት እንደገባ እስከ ዛሬ አይታወቅም። ብጠግናት ደግሞ ተፈራ አለ። እትዬ ዘነበች ፊቴን ትክ ብለው አዩና «እንግዲህ እግዜር ያውቃል» ብለው ሄዱ።

በማግስቱ «ማርሹ ይሆናል» ልል ስዘጋጅ ጣሊያናዊው መካኒክ ራሱ የፊቱን ጎማ በክሪክ አነሳው። ከላይና ከታች ይዞ ነቀነቀው፤ ተወዛወዘ። በእጁ አሽከረከረው፤ ግርርር። ቀና ብሎ አየኝ። ማወቄን ዐውቋል። አዲስ ኩሽኔታ አምጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠና፣ ፍሬን ብዬ እንደነበር ለመቶ አለቃው ትንፍሽ እንዳልል በጣሊያንኛና በአማርኛ ቀላቅሎ መክሮኝ ሄደ።

ግራሶውን ቀብቼ ኩሽኔታውን ገጠምኩ። ደህና አድርጌ ነው የገጠምኩት፤ ዳግመኛ ብትጮኽ የሚጠየቀው ማን እንደሆነ ግልጽ ነበር። ከሥራ ስወጣ ሮጬ ለእትዬ ዘነበች እነግራለሁ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። መቶ አለቃው ግን ከሰዓት በኋላ ወታደሮቹን ይዞ መጣና ከጎኑ እንድቀመጥ አዘዘኝ፤ የድምፁን መጥፋት አብረን ልንሰማ ነው።

ያን መታጠፊያ እንዴት እረሳዋለሁ። ወደ ቀኝ ዞረች። ምንም። መንገድ ዳር የተኙት ውሾች እንኳ ቀና አላሉም። ሰፈሩን እንደተቀመጠ ደረስንበት። በየደጁ ያለው ሰው መጀመሪያ መኪናዋን አየ፤ ቀጥሎ እኔን አየ። መቶ አለቃው ደስ ብሎት ትከሻዬን መታ መታ አደረገ። ያንንም አዩ።

ወታደሮቹ የእትዬ ዘነበችን በር ሲገፉ ከኋላ ተከተልኳቸው። ጓዳው ውስጥ ግን ባዶ መደብ ብቻ ነበር። እትዬ ዘነበች እንዝርታቸውን እንደያዙ አንዴ አዩኝና ፊታቸውን አዞሩ። ከእሳቸው ቀጥሎ ካለው ከአቶ ደስታ ቤት አሮጌ ጠመንጃ ወጣ። አቶ ደስታን ወሰዷቸው።

በማግስቱ ባንዳ የሚል ስም ወጣልኝ። ሰላምታዬን የሚመልስ ጠፋ። ከጥቂት ቀናት በኋላ እትዬ ዘነበችን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አገኘኋቸውና ላስረዳቸው ስል ቀደሙኝ።

«ያን ዕለት ካንተ ቤት እንደወጣሁ ነው በዘመድ ያሸሸሁት» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ፊትህን ሳየው መጠገንህ እንደማይቀር ገባኝ። እምቢ ብትል አንተን፣ እሺ ብትል እሱን ሊበሉብኝ ነው። እሱን ዘወር ማድረግ ቀለለኝ።»

«ሰዉ ግን ባንዳ ብሎኛል፣ እትዬ።»

«ይበልህ። ነገ ልጄ ቢመለስ፣ ባንዳ አጠገብ አርበኛ ይተኛል ብሎ ማን ይጠረጥራል?» ጥቂት ራመድ አሉና ዘወር ብለው «መንገድ ላይም ሰላም አትበለኝ፣ ልጄ» አሉኝ።

ጣሊያን እስኪወጣ ሰላም አላልኳቸውም። ተፈራ ሲመለስ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ሰው ሁሉ እያየ አቅፎ ሳመኝ። እናቱም ነገሩን ላገኙት ሁሉ አወሩ። ስም ግን ሲጠፋና ሲመለስ አካሄዱ አንድ አይደለም። የእኔ ሲጠፋ በአንድ ቀን ሰፈሩን አዳረሰ፤ ሲመለስ ግን ዳገት እንደሚወጣ ሽማግሌ እያረፈ፣ በር በር እያንኳኳ ነው። አብዛኛው ሰው ከፈተለት። የአቶ ደስታ ቤተሰቦች አልከፈቱለትም፤ እሳቸው ከሄዱበት አልተመለሱምና። ስለ ኩሽኔታ ምን ብዬ ላስረዳቸው? በደጃቸው ሳልፍ ባርኔጣዬን አወልቃለሁ። ከዚያ አልፋለሁ።