በመጽሐፍ ስምንት ሺህ

ደላላ «ከአስፋልት ሁለት ደቂቃ» ሲለን እንስቃለን። ያንኑ ደላላ አሳትመን ጠንካራ ሽፋን ስናለብሰው ግን እናምነዋለን። ለምን ይሆን?

ጋሼ ተፈራ አመኑት። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት። አሌክሳንድሪያ ያሉ አንድ ሽማግሌ አሜሪካዊን ዘጠኝ ዓመት አስታመሙ። ሽማግሌው ሊሞቱ ሰሞን ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃቸውን «ይሄ ያንተ ነው» ብለው ሰጧቸው። ጋሼ ተደሰቱ፤ ማስታወሻ ነዋ! ከዚያ ላይብረሪ ገብተው የአሮጌ ጠመንጃዎችን የዋጋ መጽሐፍ ገለጡ። ስምንት ሺህ ዶላር ይላል።

ሌላ ሰው ቢሆን ይጨፍር ነበር። ጋሼ እንቅልፍ አጡ። «በሽተኛ ሽማግሌ አታሎ ወሰደ አይሉኝም? ሰውየውስ ዋጋውን ቢያውቁ ይሰጡኝ ነበር?» ይሉኛል ሊፍት ውስጥ ባገኙኝ ቁጥር። በመጨረሻ ጀርመንታውን ላለችው ለሟች ልጅ ሊመልሱት ቆረጡ። የሰው ዕቃ ደግሞ ቆሽሾ አይመለስም! ሁለት ቀን ሙሉ ቡናማ የሆነውን ብረት በድስት ሽቦ ፈተጉት። ሲያሳዩኝ ፊቴን አየሁበት። አደነቅኩ፤ ምን አውቄ።

ብቻ መጀመሪያ ዋጋውን ባለሙያ ይይልን አልኳቸው። በብርድ ልብስ ጠቅልለን፣ ትራንክ ውስጥ አስገብተን፣ አሌክሳንድሪያ ወዳለ አሮጌ ጠመንጃ ነጋዴ ሄድን።

ነጋዴው እንደ ሐኪም አገላብጦ አየው። ማነው ያጸዳው አለ። ጋሼ ደረታቸውን ነፍተው «እኔ!» አሉ። ሰውየው መነጽሩን አወለቀ። ያ ቡናማ ነገር የዕድሜው ቀለም ነበር አለ፤ ገዢ የሚከፍለው ለእሱ ነው። የመጽሐፉ ዋጋ የፋብሪካ ቀለሙ ዘጠና ስምንት በመቶ ለተረፈለት ነው፤ እንዲህ ያለ በዕድሜው ሁለት ብቻ አይቷል። (እኔ ስወለድ እንኳ ዘጠና ስምንት በመቶ አልነበርኩም።) ከመደርደሪያው ሌላ መጽሐፍ አወጣ፤ ለዚያው ጠመንጃ አምስት ሺህ ይላል። ሁለቱም የታተሙት በአንድ ዓመት ነው። መጽሐፍ የሚጽፈው ሻጭ የሚመኘውን ነው፣ የሚከፍለው ግን እዚህ የቆመው እኔ ነኝ አለን። ሳይፈተግ ሁለት ሺህ ያወጣ ነበር። አሁን ሦስት መቶ።

የጋሼ ፊት አመድ መሰለ። የሰው ንብረት አበላሹ! ፓርኪንጉ ውስጥ ቆመው ለልጅቷ ኮል አደረጉ፤ ስፒከር ላይ። አንድም ሳያስቀሩ ተናዘዙ፦ መጽሐፉን፣ ሽቦውን፣ ሦስት መቶውን። ከዚያ ሳቋ ፓርኪንጉን ሞላው። ስምንት ሺህ ቢሆን ወንድሞቼ ይጣሉበት ነበር፣ ሦስት መቶ ግን ስጦታ ነው፤ አባዬ የሰጠህን ያዝ፣ ደግሞ ለዚህ ብለህ ጀርመንታውን ድረስ እንዳትነዳ አለቻቸው።

የጋሼ ፊት በራ። ስንመለስ እኔ መሪ ይዤ በሺዎች ለሚቆጠር ዶላር አለቅሳለሁ፤ እሳቸው በመስኮት ወንዙን እያዩ ፈገግ ይላሉ። ድልድዩ አጋማሽ ላይ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

«ስማ እንጂ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «ሦስት መቶውስ ለስጦታ አልበዛም? ሰደፉን እኮ ገና አልፈተግኩትም።»