ልጄ ትዕግሥቱን ከማን ወረሰው?

ጥሩ ልጅ አባት አያጣም፤ ባለጌውን ግን ሁሉም ወደ እናቱ ወገን ይገፋዋል። እናንተ እንዲህ አላደረጋችሁ እንደሆነ ገና አልወለዳችሁም ማለት ነው።

በደርግ ዘመን ሹም አቦ ሰፈር ስኖር፣ ፋብሪካ የሚሠራው ልጄ ጌትነት ከሐይቁ ማዶ ያለውን የቁንዝላውን ዓሣ አጥማጅ የአቶ ይግዛውን ልጅ ካላገባሁ ሞቼ እገኛለሁ አለ። ሽማግሌ መላክ ነበረብኝ። ጎረቤቶቼ አባት የገዛ ልጁን አያሞግስም፣ አንተ ቤትህ ተቀመጥ አሉኝ። እንቢ አልሁ። ልጄን ከእኔ በላይ ማን ያውቀዋል? ደግሞስ መሠረተ ትምህርት ተምሬ የለም? ሲወለድ ይዟቸው የመጣቸውን ጠባዮች በወረቀት አሰፈርሁ፤ ትዕግሥተኛ፣ ሆደ ሰፊ፣ ጭምት። ለሦስት ቃል አንድ ቅዳሜ ሙሉ ሄደ።

ከሁለት ሽማግሎች ጋር ሐይቁን በጀልባ ተሻገርን። ሽማግሌ መቼም "ተቀመጡ" ካልተባለ አይቀመጥም፤ ቆምን። አቶ ይግዛው መረባቸውን እየጠገኑ ስለ ዝናቡ ጠየቁን፣ ስለ ዓሣው ጠየቁን፣ ስለ ቀበሌ ስብሰባ ጠየቁን... እኔ አንዴ በቀኝ እግሬ፣ አንዴ በግራዬ ቆምሁ። በመጨረሻ የልጁን ጠባይ ጠየቁ። ወረቀቴን አወጣሁ።

"ት...ዕግ...ሥተኛ። አብሮት የተወለደ ነው። ከእኔ ወርሶ።"

"ከእርስዎ?"

"ከእኔ። ሆደ ሰፊም ነው።"

ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ወደ መረባቸው ተመለሱ። አንድ ቀዳዳ ደፈኑ። ሁለተኛውን ጀመሩ። እኔ ምን ልበላችሁ... ወረቀቱን ኪሴ ከትቼ መደቡ ላይ ዘጭ አልሁ።

"ሰውየው፣ ትሰጥ እንደሆነ ስጥ፤ ጀልባው ሳያመልጠን!"

ሽማግሎቹ መሬት መሬት አዩ። አቶ ይግዛው መርፌያቸውን አስቀመጡ።

"ዘር ከልጓም ይስባል። ልጁ በእርስዎ ከወጣ ልጄን አልሰጥም።"

የጌትነት ፊት ድቅን አለብኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ተሳስቻለሁ ብዬ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን እንደ ምንም ተነሥቼ ቆምሁ።

"ዋሽቼዎታለሁ፣ አቶ ይግዛው። ልጁ ቁርጥ እናቱን ነው። የእኔ ጆሮው ብቻ ናት።"

"እናቱስ እንዴት ያለች ናት?"

"ከእኔ ጋር ሠላሳ ዓመት ኖራለች።"

ሰውየው ላይ ታች አዩኝ። መረቡን ወደ ጎን አደረጉና፣ "ተቀመጡ" አሉ።

ቤት ስገባ ለባለቤቴ ወረቀቱን አነበብሁላት፤ ይህ ሁሉ የአንቺ ነው አልኋት። አመሰግናለሁ ትላለች ብዬ ስጠብቅ፣

"ቅዳሜ ሙሉ ቀን ዝም በይ እያልህ ያምባረቅህብኝ ይችን ለመጻፍ ነው?" አለችኝ።