የአባባ ጉድጓድ እና ከባዱ ብረት

[የሟች አባት ግቢ። ከጓሮ፣ አባትየው በእጃቸው የቆፈሩት የውሃ ጉድጓድ አለ። ባለፈው ሳምንት መርማሪዎች መጥተው፣ ውሃው ውስጥ እርሳስ የሚባል መርዛማ ብረት አለ ብለው ሄደዋል። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ተመልሰው ይለኩታል፤ ካልጠራ በሲሚንቶ ይደፍኑታል። የማያውቀው ነገር የለም የሚባለው ታላቅ ወንድም፣ ቤተ ሙከራ ከሚሠራ ጓደኛው አንድ ብልቃጥ ነጫጭ ፍሬ ይዞ መጥቷል። ለታናሽየው ጉድጓዱ ተደፈነ ማለት አባቱን ሁለተኛ መቅበር ነው፤ ይህን ግን ለማንም አልተናገረም። አሁን አፉን ይዞ ቆሟል።]

ታላቅ፦ ቀመስከው?!

ታናሽ፦ ትንሽ ነው ጋሼ።

ታላቅ፦ ሰው እንዴት የማያውቀውን ነገር አፉ ውስጥ ይከታል?

ታናሽ፦ ጨው መስሎኝ።

ታላቅ፦ እና ጨው ነው?

ታናሽ፦ ኧረ ጣዕምም የለው። አንተ የሠራኸውን ሾርባ ነው የሚመስለው።

ታላቅ፦ ፖሊመር ነው! ፖ-ሊ-መር! እያንዳንዱ ፍሬ ውስጡ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። የአንድ ማንኪያው የውስጥ ግድግዳ ቢዘረጋ የኳስ ሜዳ ይሸፍናል።

ታናሽ፦ [ሆዱን እየዳበሰ] እኔ የዋጥኩት እንግዲህ በረኛው የሚቆምባትን ብቻ ነው።

ታላቅ፦ ዝም ብለህ ቧንቧውን ያዝ። ፍሬው ቧንቧው ውስጥ ይሞላል። ውሃው ከላይ ይገባል፣ እርሳሱ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ይቀራል፣ ንጹሑ ከታች ይወጣል። ገባህ?

ታናሽ፦ አልገባኝም።

ታላቅ፦ ምኑ?

ታናሽ፦ ቀዳዳ ካለው እንዴት ይይዛል? ወንፊት የሚያፈሰው ቀዳዳ ስላለው አይደል? ኪሴም እንደዚያው ነው።

ታላቅ፦ ይሄ ከአንተ ኪስ ይለያል! ግድግዳው ላይ እርሳስን ለይቶ የሚይዝ መንጠቆ አለው። ልክ እንደ አክስታችን በር። መንገደኛው ሁሉ ያልፋል፤ ዘመድ ሲያልፍ ግን «ና ግባ» ብላ ለቀም ታደርገዋለች።

ታናሽ፦ እህ! ከዚያማ እስከ ማታ መውጫ የለም።

ታላቅ፦ ጎሽ! ገባህ።

ታናሽ፦ ቤቷ ሲሞላስ?

ታላቅ፦ ያን ጊዜ አሲድ ይፈስበትና የያዘውን ይለቃል።

ታናሽ፦ አክስታችን ላይ?!

ታላቅ፦ ፍሬው ላይ! ፍሬው ላይ!

ታናሽ፦ እሺ አትቆጣ። እርሳሱ ራሱ ምን ይመስላል?

ታላቅ፦ ውሃ ውስጥ ከሟሟ አይታይም።

ታናሽ፦ ሳይሟሟስ?

ታላቅ፦ ግራጫ ነው። ከባድ ነው። ለስላሳ ስለሆነ በጥፍር ይጫራል። አጥብቆ ጠያቂ የናቱን ሞት ይረዳል፤ በቃ አፍስ!

[ታናሽ ከጉድጓዱ ተቀድቶ በርሜል ውስጥ ከተጠራቀመው ውሃ እየጨለፈ፣ ፍሬው የተሞላበት ቧንቧ ውስጥ ያፈሳል። ታላቅ የአባታቸውን ባልዲ ከቧንቧው ሥር ይደቅናል።]

ታናሽ፦ በጆግ ብንቀበለውስ?

ታላቅ፦ በአባባ ባልዲ እንጂ! ለመርማሪዎቹም በእሱ ነው የቀዳሁላቸው። እነሱ ራሳቸው ሊቀዱ ገመድ ሲያነሡ፣ «ተዉ! እንግዳ ውሃ አይቀዳም» ብዬ ተቀበልኳቸው። ለነገሩ ባልዲውን ሰው ያደረግኩት እኔ ነኝ። ከአፉ ጠርዝ ወደ ውስጥ ክብደት ካንጠለጠልኩለት ወዲህ፣ ጉድጓድ ሲገባ ራሱ ዘንበል ብሎ ይሰጥማል።

ታናሽ፦ አባባ ያለ ክብደት ነበር የሚቀዱት። ገመዱን እንዲህ ሰበቅ ያደርጉና፣ ጭልፍ!

ታላቅ፦ ያ ልማድ ነው። የኔ ምሕንድስና ነው።

[ውሃው ጠብ ጠብ ይላል። ምሳቸውን ይበላሉ፤ ይጨቃጨቃሉ፤ ያንቀላፋሉ። ሲነቁ ባልዲው ሞልቷል። ታላቅ፣ እርሳስ ሲያገኝ የሚቀላውን የመመርመሪያ ወረቀት ይነክራል። ወረቀቱ እንደ በርበሬ ይቀላል።]

ታላቅ፦ ምላስህ ነው!

ታናሽ፦ ምላሴ ምን አደረገ?

ታላቅ፦ የላስካት ፍሬ ቀዳዳዋ በምራቅህ ተደፍኗል።

ታናሽ፦ እሷንማ ውጫታለሁ።

ታላቅ፦ [አገጩን ይዞ ያስባል] በቃ እሱ ነው! እርሳሱ ያለፈው በእሷ ቦታ ነው። በረኛ በሌለበት!

ታናሽ፦ [ደንግጦ] ጣቴን ከትቼ ላስመልሳት?

ታላቅ፦ ተወው፣ አሁን ማን ይገጥማታል!

[ታናሽ ዞር ብሎ ጉድጓዱን ያያል። የአፉን ድንጋዮች አባቱ አንድ በአንድ ሲደረድሩ ድንጋይ አቀባይ እሱ ነበር።]

ታናሽ፦ ጋሼ፣ ሊደፍኑት ነው ማለት ነው?

ታላቅ፦ [ቀዩን ወረቀት ጨምድዶ ይጥላል] ሂድ አዲስ ውሃ ቅዳ። እንደገና እንጀምራለን። ባልዲው ሙሉ ነው፣ በጆጉ ቅዳ።

[ታናሽ ገመዱን ፈትቶ የፕላስቲክ ጆጉን ያስርበታል፤ ይለቀዋል፤ እጁን እንደ አባቱ ሰበቅ ያደርጋል። ጭልፍ! ይዞ ይመለስና ወረቀት ይነክርበታል።]

ታላቅ፦ አንተ! ገና ያልተጣራ ውሃ ላይ ወረቀት ታባክናለህ?

ታናሽ፦ አልቀላም።

ታላቅ፦ ማን?

ታናሽ፦ ወረቀቱ።

ታላቅ፦ ገልብጠህ ነክረኸው ነው። አምጣ!

[ራሱ ጆጉ ውስጥ ይነክራል። አይቀላም። ባልዲው ውስጥ ይነክራል። ይቀላል።]

ታላቅ፦ ስለዚህ ያልተጣራው ንጹሕ፣ የተጣራው መርዝ። ገባኝ! ፍሬውን ተገልብጦ ነው የሞላነው!

ታናሽ፦ ፍሬው ክብ አይደል እንዴ? ላይና ታቹ የቱ ነው?

ታላቅ፦ [አንድ ፍሬ አንሥቶ ያገላብጣል]

ታናሽ፦ ጋሼ፣ አጥብቄ ልጠይቅ?

ታላቅ፦ እማማ ደህና ናት፤ ጠይቅ።

ታናሽ፦ ግራጫ ነው አላልክም?

ታላቅ፦ ብያለሁ።

ታናሽ፦ ከባድ?

ታላቅ፦ እንደ አንተ ጥያቄ።

ታናሽ፦ በጥፍርም ይጫራል? [እጁን ባልዲው ውስጥ ከትቶ፣ በክር የተንጠለጠለውን ድቡልቡል ክብደት ያወጣል። በጥፍሩ ይጭረዋል። የተጫረው ያብረቀርቃል።] ይሄን ከየት ነበር ያመጣኸው?

ታላቅ፦ ከአሮጌ የመኪና ባትሪ... ውስጡን... አቅልጬ...

[ከቧንቧው ጫፍ ውሃ ጠብ ይላል።]

ታላቅ፦ ከባድ ነገር ነበር የፈለግኩት።

ታናሽ፦ አግኝተሃል ጋሼ።

ታላቅ፦ እና ይሄ ፖሊመር ሲለፋ የዋለው...

ታናሽ፦ እሱ ምስኪን ከላይ ይለቅማል፣ አንተ ከታች ትጨምራለህ።

[የግቢው በር ይንኳኳል። ከውጭ የሲሚንቶ ከረጢት መሬት ላይ ዱብ ሲል ይሰማል።]

ታላቅ፦ መጡ! ወይኔ ጉዴ! ምን ልበላቸው?

ታናሽ፦ «ከባዱን ብረት ከውሃው አስወግደናል፤ አሁን ራሳችሁ ቅዱና ለኩ» በላቸው።

ታላቅ፦ በምን ዘዴ ነው ያስወገዳችሁት ቢሉኝስ?

[ታናሽ ከምሳው ሳህን ላይ ቢላውን ያነሣል። ክሩን ቀጭ ያደርገዋል።]

ታናሽ፦ በቢላ።